የምድጃው ሰሌዳ ሲጮኽ



የኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ከተማ ቤቶች ከገባ ወዲህ የእናቶች ድካም በብዙ መንገድ ቀሏል። ከሥራ ውላ የተመለሰች እናት እንጨት ስትፈልጥና ጭስ ስትታጠን አታመሽም። ቁልፉን ተጫን አድርጋ ወጧን ትጥዳለች፤ ልጆቿንም ታስጠናለች። ይሁን እንጂ የዛሬው ምድጃ የትናንቱ ዓይነት አይደለም። ቀድሞ አንድ ማዞሪያና አንድ የሚግል ሽቦ ብቻ የነበረው ዕቃ ዛሬ ሰዓት የሚቆጥር፣ ሙቀት የሚለካ፣ በፊደልና በቁጥር የሚናገር ሰሌዳ አለው። ይህ ሰሌዳ የታወከ ዕለት ምድጃው ይጮኻል፤ ትርጉሙ የማይታወቅ ፊደል ያወጣል፤ ወጡ ሳይበስል እሳቱ ይጠፋል። ባለሙያ ሲጠራም ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ቦርዱ ተቃጥሏል፤ መለወጥ አለበት» የሚል ነው።

ይህ መልስ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳይመረመር የሚሰጥበት ጊዜ ግን ይበዛል። በዛሬው ጽሑፋችን ከአባያ ሐይቅ አጠገብ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ ያገኘነውን የአንዲት እናት ገጠመኝ መነሻ አድርገን ጉዳዩን እንመለከታለን።

የሲቀላዋ እናት

እኒህ እናት የሚኖሩት በታችኛው የከተማው ክፍል በሲቀላ ነው። ቀን በቢሮ ሥራ ይውላሉ። ረቡዕና ቅዳሜ ማታ ደግሞ እንጀራ እየጋገሩ ለሁለት ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በዚሁ ገቢ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዕቁብ ሲደርሳቸው ከላይ አራት ማብሰያ፣ ከሥር ዳቦ መጋገሪያ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዙ። እንጀራው በምጣዱ ሲጋገር ዳቦው በምድጃው ይበስላል፤ ሁለቱ ሥራ በአንድ ማታ ያልቃል።

በአንድ የሚያዝያ ማታ ምድጃው በድንገት ጮኸ። የሰሌዳው ሰዓት ወደ ዜሮ ተመለሰና ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እሳቱ ጠፍቶ ሊጡ እንደተኛ ቀረ። በሳምንቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ ጠጋኝ ጠሩ። ጠጋኙ የመጣው በቀን ነበር። ምድጃውን ሰካው፤ ቁልፎቹን ነካካና «ቦርዱ ነው» አለ። ቦርዱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ፣ ዋጋውም የምድጃውን ሲሶ የሚያህል ነበር። እናቲቱ ለመስከረም፣ ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ወጪ ያስቀመጡትን ገንዘብ አውጥተው ከፈሉ።

አዲሱ ቦርድ ተገጠመ። አራት ቀን ደኅና ሠራ። ቅዳሜ ማታ ምድጃው እንደ ቀድሞው ጮኸ፤ ሰዓቱም ወደ ዜሮ ተመለሰ።

ያን ማታ የሆነው ነገር ግን ከገንዘቡም የከፋ ነበር። የምግብ ቤቶቹን ቀጠሮ ላለማጓደል እናቲቱ በተበላሸው ምድጃ ምትክ ከሰል አቀጣጥለው ወደ ማዕድ ቤቱ አስገቡ። የወባ ትንኝ እንዳይገባ መስኮቱና በሩ ተዘግቷል። አጠገባቸው ተቀምጣ የነበረችው ትንሿ ልጅ «እማዬ፣ ራሴን አመመኝ» አለች፤ ጥቂት ቆይታም አስመለሳት። ጎረቤት ደርሶ በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ባያወጣት ኖሮ የማታው መጨረሻ ምን ይሆን እንደ ነበር ለመናገር ይከብዳል። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዝ አለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው በእንቅልፍ መልክ ይወስደዋል።

«መቼ ነው የሚጮኸው?»

በማግስቱ አንድ በዕድሜ የገፉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጡ። ምድጃውን ከመንካታቸው በፊት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መቼ ነው የሚጮኸው?» አሉ። እናቲቱ መልሱን ፈልገው ሳያገኙ ትልቋ ልጅ ደብተሯን አመጣች። ምድጃው የጮኸባቸውን ቀናት ሁሉ በኋለኛው ገጽ ላይ ጽፋቸው ነበር። ረቡዕ ማታ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ረቡዕ ማታ፣ ቅዳሜ ማታ ይላል። አንድም ቀን በጠዋት ወይም በእሑድ አልጮኸም።

ባለሙያው ሳቅ ብለው «ይህ ምድጃ የሚታመመው እንጀራ ስትጋግሩ ነው» አሉ። ከዚያም ምጣዱም ምድጃውም አብረው እንዲበሩ አድርገው በመለኪያቸው ኃይሉን ለኩ። ከቆጣሪው ሥር ካለው ብሬከር ላይ 200 ቮልት አገኙ። ምድጃው ከተሰካበት ሶኬት ላይ ሲለኩ ግን ቁጥሩ 178 ሆነ፤ እሱም አልረጋ ብሎ ይዘል ነበር። 22 ቮልት በግድግዳው ውስጥ ጠፍቷል ማለት ነው።

ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ሶኬቱን ሲፈቱት ነገሩ ተገለጠ። ምጣዱና ምድጃው በአንድ ዲቫይደር ላይ ተንጠልጥለዋል። የኑል ሽቦው ብሎን ላልቶ፣ የሽቦው ልባስ ጠቁሮ፣ የሶኬቱ ፕላስቲክ መቅለጥ ጀምሯል። ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ የተዘረጋውም ሽቦ ለአምፖል የሚበቃ ቀጭን ሽቦ ነበር።

ሒሳቡን እንመልከተው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ይህን በ220 ቮልት ስናካፍለው ወደ 16 አምፔር ይደርሳል። የዳቦ መጋገሪያው 2,000 ዋት ቢወስድ 9 አምፔር ይጨመራል። በድምሩ 25 አምፔር ይሆናል፤ የቤታችን ትልቁ ሶኬት ግን የሚችለው 16 አምፔር ነው። ሸክሙ ሲበዛ የላላው ብሎን ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል፤ ለቅጽበትም ያቋርጣል። አምፖል ለቅጽበት ቢቋረጥ ዓይን አያስተውለውም። የምድጃው ሰሌዳ ግን ለቅጽበት እንኳ ቢቋረጥበት የያዘውን ሁሉ ይረሳል፤ ከእንቅልፉ እንደ ባነነ ሰው ይጮኻል፤ ሰዓቱንም ከዜሮ ይጀምራል።

ጠጋኙ በቀን መጥቶ ምድጃውን ብቻውን ሲያየው ደኅና የሆነለት፣ አዲሱም ቦርድ ከአራት ቀን በኋላ የጮኸው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌው ቦርድ ተመልሶ ቢገጠም ያለ እንከን ሠራ። ጥገናው የጠየቀው አዲስ ሶኬት፣ ለምጣዱና ለምድጃው ለየብቻ የተዘረጋ ወፍራም ሽቦና ሁለት ብሬከር ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ ከቦርዱ ዋጋ ሩቡን አይሞላም። የተገዛው ቦርድ ግን ተመላሽ የለውም ተብሎ በካርቶኑ ውስጥ ተቀምጧል።

ባለሙያው አንድ ሌላ ነገርም አገኙ። ትንሿ ልጅ ደጋግማ «ምድጃው ነዘረኝ» ትል ነበር፤ ቤተሰቡም እንደ ጨዋታ ይቆጥረው ነበር። ለካ የምድጃው የመሬት ሽቦ፣ ማለትም ግራውንዱ፣ ከቶ አልተገናኘም። እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሕፃን እንዲህ ያለ ምድጃ ቢነካ የሚደርሰውን ማሰብ ያስፈራል። ልጅ «ነዘረኝ» ሲል ጨዋታ አይደለም። በዚያው ሰዓት ብሬከሩ ይጥፋ፤ ባለሙያም እስኪያየው ድረስ ምድጃው አይነካ።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ከላይ ካየነው ገጠመኝ የምንማረው ምርመራ ከቀላሉና ዋጋ ከማይጠይቀው መጀመር እንዳለበት ነው። ክዳን ሳይከፈት፣ ካቻቢቴ ሳይነሣ እናቶች ራሳቸው ሊያዩት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ።

1ኛ፤ ሰዓቱን ይሙሉ። ብዙዎቹ ሰዓት ያላቸው መጋገሪያዎች መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ እስኪሞላ ድረስ አይግሉም። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም እያለ እሳቱ እምቢ ካለ ምድጃው አልተበላሸም፤ የሚጠብቀው ሰዓት ነው። በእኛም ሆነ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሙሉት፤ ለእሱ ልዩነት የለውም።

2ኛ፤ ቁልፉን ይመልከቱ። ሕፃናት እንዳይነኩት የተሠራ መቆለፊያ በሰሌዳው ላይ በቁልፍ ሥዕል ይታያል። በጽዳት ጊዜ በጨርቅ ተጭኖ ሊቆለፍ ይችላል። ያንኑ ሥዕል ለጥቂት ሰኮንድ ተጭኖ መያዝ ይከፍተዋል።

3ኛ፤ ከዋናው ያጥፉ። በምድጃው ቁልፍ ሳይሆን በብሬከሩ ያጥፉና አምስት ደቂቃ ቆይተው ያብሩ። ሰሌዳው በኃይል መዋዠቅ ተደናግሮ ከሆነ በዚህ ይመለሳል። ተመልሶ ደጋግሞ የሚጮኽ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው፤ እያጠፉና እያበሩ መኖር ደግሞ መፍትሔ አይሆንም።

4ኛ፤ የሚያወጣውን ፊደልና ቁጥር ይጻፉ። ትርጉሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያልና የጎረቤት ምድጃ ትርጉም ለእርስዎ አይሠራም። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። መጽሐፉን ከካርቶኑ ጋር አይጣሉት።

5ኛ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ። አብሮት ምን በርቶ ነበር? ዝናብ ነበር? መብራት ጠፍቶ መጥቶ ነበር? ምግብ ገንፍሎ ነበር? የሲቀላዋ ልጅ ደብተር የገንዘብ ዋጋ ነበረው።

6ኛ፤ ሶኬቱን በዓይንና በአፍንጫ ይመርምሩ። ምድጃው ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ በሶኬቱ አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል? ጠቁሯል? ቀልጧል? ገመዱ ከሶኬቱ አጠገብ ይግላል? ከእነዚህ አንዱ ከታየ ብሬከሩን አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ። ምጣድና ምድጃ በዲቫይደር ላይ አይሰኩ።

የአባያ ሙቀትና እርጥበት

እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት አገር የሚኖሩ እናቶች ሌላም የሚጠነቀቁት ነገር አላቸው። ቆጮ ሲጋገር፣ ሽፈራው ሲቀቀል፣ የጫሞ ዓሣ ሲጠበስ የሚወጣው እንፋሎትና ዘይት በሰሌዳው ቁልፎች ሥር ይገባል። ቁልፎቹ ሳይነኩ ራሳቸው ይሠራሉ፤ ወይም ቢነኩም አይሰሙም። እንዲህ ሲሆን ብሬከሩን አጥፍቶ ሰሌዳውን ተጨምቆ በደረቀ ጨርቅ መጥረግ፣ አንድ ሙሉ ቀንም ማድረቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሰሌዳው ላይ ውኃ ወይም ሳሙና መርጨት ግን ጉዳት ያመጣል።

ነፍሳትም አሉ። በረሮና ጉንዳን ሞቅ ያለና ጨለማ ቦታ ስለሚወዱ በቦርዱ ላይ ይሰፍራሉ። ሬሳቸውና ኩሳቸው እርጥበት ሲነካው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ቦርዱም ያለ ትእዛዝ ይሠራል። መድኃኒቱ ማታ ማታ ፍርፋሪን ማጽዳት፣ ምድጃውንም ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ ነው። በምድጃው ውስጥ የነፍሳት መርዝ መንፋት አይገባም፤ ብዙው መርዝ ተቀጣጣይ ነውና።

በቅርብ ዓመታት የተለመደው ኢንዳክሽን የተባለው ማብሰያ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ማግኔት የማይስበውን ድስት አያውቀውም። የሸክላ ጀበናና የተለመደው የአሉሚኒየም ድስት ሲጣድበት ይጮኻል፤ ፊደል ያወጣል፤ ይጠፋል። ይህም ብልሽት አይደለም። ድስት ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ ማግኔት ከሥሩ አስጠግተው ይሞክሩ። ከሥሩ ያለውን የአየር ማስገቢያም በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ አይሸፍኑት።

ከውጭ አገር የመጣ ምድጃ

ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ ምድጃ ያላቸው ቤተሰቦች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። በዚያ አገር ምድጃው 240 ቮልት የሚያገኘው እያንዳንዳቸው 120 ከሆኑ ሁለት መስመሮች ነው። የሚግለው ሽቦ 240ውን ሲወስድ የብዙዎቹ ሰሌዳ የሚሠራው በ120 ብቻ ነው። የእኛ አገር የቤት ኃይል 220 ቮልት የአንድ መስመር ነው። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ላይ ታስረው ከእኛ ኃይል ጋር ቢገናኙ ሰሌዳው እጥፍ ሊባል የሚቀርብ ኃይል ይደርሰውና በአንድ ቅጽበት ይቃጠላል። ለሰሌዳው ብቻ የሚሆን ኃይል መቀነሻ ትራንስፎርመር በባለሙያ መገጠም ይኖርበታል።

የሰዓቱም ነገር አለ። በአሜሪካ ኃይሉ በሰኮንድ 60 ጊዜ ሲመላለስ በእኛ 50 ጊዜ ነው። ይህን ምልልስ እየቆጠረ የሚሄድ ሰዓት በእኛ አገር በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። በሰዓቱ ተማምና ዳቦዋን ለአንድ ሰዓት የሞላች እናት ዳቦው 12 ደቂቃ አልፎበት ቢያርባት ጥፋቱ የእሷ አይደለም። እንዲህ ባለው ምድጃ የእጅ ሰዓት መጠቀም ይሻላል።

ለባለሙያው የሚተው

የምድጃውን የኋላ ክዳን መፍታት የእናቶች ሥራ አይደለም። ኃይሉ ከጠፋ በኋላም ቢሆን በአንዳንድ ቦርዶች ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ይቆያል። ነገር ግን ባለሙያው ምን መመርመር እንዳለበት ማወቅ ገንዘብ ያድናል።

በቅድሚያ ኃይሉን ምድጃው በሙሉ ሸክም እየሠራ ይለካ። ያለ ሸክም የተለካ ኃይል እውነቱን አይናገርም። ቀጥሎ ሶኬቱንና ገመዱ ከምድጃው የሚገናኝበትን ብሎን ይይ። ከዚያ የመጋገሪያውን ሙቀት መለኪያ ይለካ። ይህ መለኪያ በመጋገሪያው ውስጥ እንደ እርሳስ ቀጥ ብሎ የሚታይ ቀጭን ዘንግ ነው። በብዙ ምድጃዎች ባልጋለበት ጊዜ ሲለካ ከ1,080 እስከ 1,100 ኦም ያህል ይሰጣል፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን በዕቃው መመሪያ ላይ ያለው ነው። ተቋርጦ ወይም ከልክ አልፎ ከተገኘ የተበላሸው ርካሹ ዘንግ እንጂ ውዱ ቦርድ አይደለም። በመጨረሻም ከቁልፎቹ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ጠፍጣፋ ገመድ ተነቅሎና ጸድቶ ይመለስ። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ወደ ቦርዱ መሄድ ይቻላል። ቦርዱም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ማብሪያ ሪሌይ ወይም አንድ ያበጠ ካፓሲተር መለወጥ ብቻ ነው።

ባለሙያው «ቦርዱ ነው» ካለ እናቶች ሳያፍሩ «በምን አወቁ? ሲለኩ ያሳዩኝ» ይበሉ። አሮጌውንም ዕቃ አስመልሰው ይያዙ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

መብራት ሲጠፋ ምጣዱንና ምድጃውን ማጥፋት ልማድ ይሁን። ሲመለስም አምፖሉ ረግቶ እስኪበራ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይገባል፤ የቦርድ ጠላቱ ያ የመጀመሪያው ግፊት ነውና። አምፖሎች ከወትሮው በላይ ደምቀው ከታዩ ግን ዋናውን ብሬከር ወዲያውኑ ያጥፉ። ከውጭ የኑል ሽቦ ተበጥሶ ከ220 በላይ ብዙ ቮልት ወደ ቤት እየገባ ሊሆን ይችላል። ይህ የሠፈር ሁሉ አደጋ ስለሆነ ለጎረቤት ነግሮ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ማስታወቅ ያስፈልጋል።

የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከግድብ የመነጨ ኃይል ግን መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በማዕድ ቤታችን ግድግዳ ላይ ባለች አንዲት ብሎን ነው። ብሎኗ ከላላች ሁሉም ነገር እዚያው ይቆማል፤ እናትም ወደ ከሰሏ ትመለሳለች። ምድጃ እስኪጠገን ከሰል መጠቀም ግድ ከሆነ ከደጅ ይቀጣጠል፤ ከደጅም ይሠራበት። ወደ ቤት መግባቱ የማይቀር ከሆነ በርና መስኮት ይከፈት። ለትንኙ አጎበር አለ፤ ለከሰሉ መርዝ ግን ከንጹሕ አየር በቀር መከላከያ የለውም።

የሲቀላዋ እናት ልጅ ዛሬ ደኅና ናት። የመስከረሙም ወጪ በሁለት ወር እንጀራ ተሟልቷል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። ምንጮቿ ስም ላወጡላት ለአርባ ምንጭ እናቶች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ውኃ ሲደፈርስ ወደ ምንጩ ወጥተው እንደሚያዩ ሁሉ፣ ምድጃውም ሲጮኽ ከሰሌዳው በፊት ሶኬቱን ይዩ።

ለዛሬው በዚሁ እናበቃለን። ደኅና ሰንብቱ።